አጭር ኖታ፣ ረጅም ከበሮ

ነገሩ የተጀመረው በስህተት ነው። ሌሊት ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ትንሿን ሲንተሳይዘሬን (ድምፅን በኤሌክትሪክ የምትፈጥር ኪቦርድ ነች) ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ አንዲት የቤዝ ኖታ ደጋግሜ እጫናለሁ። የፈለግኩት ድምፁን ትንሽ ማለስለስ ብቻ ነው። የፊልተሩን ማዞሪያ የያዝኩ መስሎኝ አጠገቡ ያለውን ያዝኩና ወደ ግራ አዞርኩት። ኖታዋ አጠረች። አሁንም አዞርኩ። ይበልጥ አጠረች። «ዱዉዉዉም» ስትል የነበረችው «ዱም» አለች። ከዚያ «ዱ»። ከዚያ «ጥ»።

እጄን ከማዞሪያው ላይ አንስቼ ቁልፉን እንደገና ተጫንኩት። ጥ። ጥ። ጥ። ያው ቁልፍ ነው፣ ያው ኖታ ነው። የምሰማው ግን ከበሮ ነው።

ሳቄ መጣ። ከዚህች ዕቃ ጋር ሦስት ወር ስኖር ኖታና ከበሮ የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ ነው የኖርኩት። ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ዕቃዋ ራሷ እንዲያ ብላ ነው የምትናገረው። ጥግ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች፤ ሲጫኗት መብራቷ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይቀየራል። አረንጓዴ ሲሆን ኪቦርዱ ዶ ሬ ሚ ይላል። ቀይ ሲሆን እነዚያው ቁልፎች ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ)፣ ስኔር (በዱላ የሚመታው ትንሹ ከበሮ)፣ ሃይሃት (የብረት ሳህኖቹ)፣ ጭብጨባ ይሆናሉ። እኔም ቁልፏን እንደ ድንበር ኬላ ነበር የማያት። ወዲህ ዜማ፣ ወዲያ ምት። አሁን ግን አረንጓዴው እንደበራ ከበሮ እየመታሁ ነው። ኬላው ላይ ማንም አልጠየቀኝም።

ስለ ዕቃዋ ትንሽ ላውራ። በሴት የምጠራት ስለምትታቀፍ ነው። ትልቅና ከባድ ብትሆን «እሱ» ማለቴ አይቀርም ነበር። ከአንድ መካከለኛ መጽሐፍ አትበልጥም። 25 ቁልፎች አሏት፤ ሁለት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ሁለት ጊዜ) እና አንድ ትርፍ። ቁልፎቹ ከመጥበባቸው የተነሳ የኔ አውራ ጣት አንዱን ሊጫን ሲሄድ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። ከኪቦርዱ በላይ መብራት ያላቸው 16 ትንንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል። ከነሱ በላይ ማዞሪያዎች አሉ። ስፒከሯ በስም ስፒከር ነው እንጂ ድምፁ የትንኝ ነው፤ ቤዝ የሚባል ነገር በዚያ በኩል አያልፍም። በማዳመጫ ካልሰማችኋት አልሰማችኋትም።

የመጀመሪያው ሳምንት ተዘጋጅተው የመጡትን ድምፆች አንድ በአንድ እየነካሁ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ይቀፋል» ስል አለቀ። ማኑዋሉ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። አልጨረስኩትም። ዛሬም አልጨረስኩትም።

«መጫወቻ ነች እንዴ?» ይሉኛል የሚያዩአት ሰዎች። አልቀየምም። ዘሯ ራሱ ከመጫወቻና ከሂሳብ ማሽን የተዳቀለ ነው። ካሲዮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ቪኤል-1 የምትባል ዕቃ ይሸጥ ነበር። ግማሿ ሂሳብ ማሽን፣ ግማሿ ሲንተሳይዘር። 29 ቁልፎቿ የኪቦርድ ሳይሆኑ የሂሳብ ማሽን ቁልፎች ናቸው። 100 ኖታ ታስታውሳለች። ደስ የሚለኝ የራስን ድምፅ የሚሠሩባት መንገድ ነው፤ ቁጥር ጽፋችሁ ነው። ድምፁ ቶሎ ይነሳ ወይ ቀስ ብሎ፣ ይቆይ ወይ ይጥፋ፣ ሁሉም በአሃዝ ነው። ከሂሳብ ማሽን ሌላ ምን ይጠበቃል!

ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2015፣ ቴንኤጅ ኢንጂነሪንግ የሚባለው የስዊድን ኩባንያ ፖኬት ኦፐሬተር ያላቸውን ትንንሽ የሙዚቃ ማሽኖች አወጣ። እነሱማ ልብስም የላቸው። ሰርኪዩቱ ራቁቱን ነው፣ ቁልፎቹም በላዩ ላይ ናቸው፣ ከጀርባ ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች፣ አለቀ። ከሩቅ ሲታዩ ሽፋኑ የወለቀ ሪሞት ይመስላሉ። ይህን ሁሉ የማነሳው ለምን መሰላችሁ? ትንሽ መሆን የድህነት ምልክት ስላልሆነ ነው። ቦታ ሲጠብ አንድ ቁልፍ ሦስት ሥራ ይይዛል። ዜማውም ከበሮውም አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያድራሉ። ለኔ ግኝት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ማዞሪያዎቹ ተራርቀው ቢሆን ኖሮ እጄ አይሳሳትም ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ስለምወደው። በ1981 ካሲዮ ኤምቲ-40 የሚባል ትንሽ ኪቦርድ አወጣ። በውስጡ ተዘጋጅተው የተቀመጡትን ምቶች የሠራችው ኦኩዳ ሂሮኮ ትባላለች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። «ሮክ» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ምት ነበር። ሮክ አይመስልም ለማለት ይቻላል። በ1985 ጃማይካ ውስጥ ያንን ምት አዘግይተው ዘፈን ሠሩበት፤ የሬጌን መንገድ ቀየረ። ባንድ የለ፣ ቤዝ ጊታር የለ፤ ትንሿ ኪቦርድ ብቻ። እስከ ዛሬ በዚያ ምት ላይ የሚዘፈነው ዘፈን ብዙ ነው። ልብ በሉ፣ ዓለም የያዘው የኪቦርዱን የቤዝ ኖታና የኪቦርዱን ከበሮ አብሮ ነው። ነጥሎ የወሰደ የለም።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ።

ሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፅ የሚያመነጨው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ኦሲሌተሩ እረፍት አያውቅም። ቁልፉን ተጫናችሁም አልተጫናችሁም ውስጥ ሆኖ ይጮሃል። በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ አለ፤ ኢንቨሎፕ የሚሉት። አራት ነገር ይጠይቃችኋል። በሩ በስንት ጊዜ ይከፈት? ይሄ አታክ ነው። ወለል ካለ በኋላ በስንት ጊዜ ገርበብ ይበል? ይሄ ዲኬይ ነው። ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ምን ያህል ክፍት ሆኖ ይቆይ? ሰስቴይን። ጣት ሲነሳስ በስንት ጊዜ ይዘጋ? ሪሊስ። ከአራቱ ሦስቱ ጊዜ ናቸው። መጠን የሆነው ሰስቴይን ብቻ ነው።

እኔ በስህተት የጠመዘዝኩት ዲኬይን ነበር። ሰስቴይኑ ቀድሞውኑ ዜሮ ላይ ስለነበር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ወዲያው ጓ ብሎ ተዘጋ። ጆሮ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ውስጥ «ይሄ ዶ ነው፣ ይሄ ሬ ነው» ለማለት ፋታ አያገኝም። «የሆነ ነገር ተመታ» ብቻ ይላል።

በማግስቱ ሌሊት ሆን ብዬ ተቀመጥኩ። ቀዩን መብራት ላለመንካት ለራሴ ቃል ገባሁ። ሙሉውን ድራም ከኖታ እሠራለሁ አልኩ።

መጀመሪያ ኪክ። ካሉት ሞገዶች ሁሉ ለስላሳውን፣ ሳይን የሚሉትን መረጥኩ። አታኩን ዜሮ አደረግኩ፣ ዲኬዩን አሳጠርኩ። የወጣው ድምፅ «ቡ» የሚል ነው። ከበሮ ይመስላል፣ ግን አንገቱን የደፋ ከበሮ። አንድ ነገር ጎድሎታል። ብዙ ከተንገላታሁ በኋላ ገባኝ። ድምፁ ከላይ ጀምሮ መውደቅ አለበት። ኢንቨሎፑን ከድምፁ መጠን በተጨማሪ ከኖታው ከፍታ ጋር አያያዝኩት። አሁን ኖታው ከላይ ይነሳና በዓይን ጥቅሻ ወደ ታች ይወርዳል። «ድዉም!» ደረቴ ውስጥ ገባ። ለካስ እውነተኛው ከበሮም እንዲሁ ነው። ቆዳው በኃይል ሲመታ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ለቅጽበት ይቀጥናል፤ ወዲያው ላላ ሲል ይወርዳል። እኛ ውድቀቱን ለይተን አንሰማውም። ምት ብለን ነው የምንሰማው።

ስኔሩ ቀለለኝ። አጭር ኖታ፣ በላዩ ላይ ሹሹታ። ሹሹታ የምለው የድሮ ሬዲዮ በሁለት ጣቢያ መሃል የሚያሰማውን ነው፤ ሲንተሳይዘሮች ኖይዝ ብለው አንድ ቦታ አስቀምጠውታል። እውነተኛው ስኔር ከሥሩ ሽቦ ተወጥሮበታል፣ ሹሹታው የሽቦው ነው።

ሃይሃት ደግሞ ሹሹታው ብቻ ነው፤ በፊልተር ወፍራሙን ቆርጣችሁ ቀጭኑን ታስቀራላችሁ። ዲኬዩ ሲያጥር ዝግ ሃይሃት፣ ሲረዝም ክፍት ሃይሃት። «ጥስ» እና «ጥሽሽሽ»። እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ክፍቱ እየጮኸ ዝጉ ከመጣ ክፍቱ ወዲያው መሞት አለበት። ምክንያቱም በእውነተኛው ድራም ላይ ሁለቱም ያው አንድ ጥንድ ሳህን ናቸው፤ በእግር ሲገጠሙ ድምፁ ይታፈናል። ይህን ያልጠበቀ ቢት የሰማ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያጨማድዳል።

ጭብጨባው ነው ያስቸገረኝ። አንድ አጭር ሹሹታ ብቻ ስሰጠው በጥፊ የመምታት ድምፅ ነው የሚወጣው። ሚስጥሩ ሦስት አራት አጫጭር ሹሹታዎችን እግር በእግር ማስከተል ነው። ብዙ ሰው አብሮ ሲያጨበጭብ እጆቹ በአንድ ቅጽበት አይገጥሙማ። ትንሽ ካልተዛነፈ ሰው አይመስልም።

ሮላንድ የሚባለው ኩባንያ በ1980 ያወጣው ቲአር-808 የተባለ የከበሮ ማሽን ይህን ሁሉ በሰርኪዩት ነበር የሚሠራው። የተቀዳ ድምፅ በውስጡ የለም። ካውቤሉን፣ የላም ደወል የሚመስለውን፣ ብትሰሙት የሁለት ኦሲሌተር ድምፅ ነው፤ እርስ በርስ የማይስማሙ ሁለት ኖታዎች፣ አጠር ተደርገው። ሃይሃቱ ስድስት ኦሲሌተር ነው፤ ስድስቱም እየተጣሉ ስለሚጮሁ ብረት ይመስላሉ። ኖታዎች ሲስማሙ ዜማ፣ ሲጣሉ ብረት። እኔ በሦስት ወር የደረስኩበትን እነሱ በዚያን ጊዜ ሸጠው ጨርሰዋል። እስከ 1983 ድረስ ወደ 12,000 የሚጠጋ ሠርተው አቆሙ። ሲወጣ «ይሄ እውነተኛ ድራም አይመስልም» ያለው ብዙ ነበር። አዎ፣ አይመስልም። ራሱን ነው የሚመስለው።

ከዚያ ነገሩን ገለበጥኩት። ኖታን አሳጥሬ ከበሮ ካገኘሁ፣ ከበሮን ባስረዝም ምን ይሆናል? የኪኩን ዲኬይ ወደ ቀኝ አዞርኩ። «ድዉም» የነበረው «ድዉዉዉዉም» ሆነ። ጭራው ኖታ ነው። ጥርት ያለ ኖታ። ቁልፎቹን እየቀያየርኩ ስጫን በከበሮ ዜማ ወጣኝ። የሂፕሆፕ ሰዎች ከ808 ጋር ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኪኩን አስረዝመው፣ ቃኝተው፣ ቤዝ አደረጉት። ዛሬ «808» ሲባል ብዙ ወጣት የሚታየው ማሽኑ አይደለም፤ ያ ደረት የሚነቀንቅ ረጅም ቤዝ ነው።

ይሄ ነገር አንድ የቆየ ችግሬንም ፈታልኝ። የሠራኋት አንዲት ቢት ነበረች፤ በማዳመጫ ስሰማት ከሥር የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ቤዙን ዝም ሳሰኘው ይጠፋል። ኪኩን ዝም ሳሰኘውም ይጠፋል። አብረው ሲሆኑ ግን ዉዉ ዉዉ ዉዉ። ማዳመጫው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ገመዱን ቀይሬ ነበር። ለካስ ቤዙ የታችኛው ላ ላይ ነው፣ 55 ኸርዝ፤ በሰከንድ 55 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የኪኩ ጭራ ደግሞ 50 ገደማ ላይ ነው የሚያርፈው። በመሃላቸው ያለው ልዩነት 5 ነው፤ ስለዚህ በሰከንድ አምስት ጊዜ ይጋጫሉ። ኪኩን ትንሽ ከፍ አድርጌ 55 ላይ ስቃኘው ሁለቱ ታረቁ። ከበሮ መቃኘት እንዳለበት የሚያውቅ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ርዝመት ነው። ከዚህ የሚገርመው ፍጥነቱ ነው።

ዕቃዋ «ሮል» የምትለው ነገር አላት። አንዱን ከበሮ ይዛችሁ ስትቆዩ ራሷ እየደጋገመች ትመታዋለች። አንድ ቀን ቴምፖውን (በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ የሚወስነውን) 240 ላይ ሰቀልኩትና ሮሉን የመጨረሻው ፈጣን ላይ አደረግኩት። ሂሳቡ ቀላል ነው። 240 ማለት በሰከንድ አራት ምት ነው። እያንዳንዱ ምት ስምንት ቦታ ይቆረጣል። አራት በስምንት 32። በሰከንድ 32 ጊዜ «ጥ» ማለት ነው። የሰማሁት ግን «ጥ ጥ ጥ» አይደለም። «ድርርርርር» የሚል ወፍራም ጉርምርምታ ነው። ኖታ ነው! ሸካራ ቢሆንም ኖታ ነው። ቴምፖውን ዝቅ ሳደርገው እየወረደ እየወረደ መጣና በሰከንድ 20 አካባቢ ሲደርስ ተበተነ፤ እንደገና አንድ አንድ ምት ሆነ። እዚያች መገናኛ ላይ ማዞሪያውን ወዲያና ወዲህ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ጆሮዬ በየትኛዋ ቅጽበት ሐሳቡን እንደሚቀይር ልይዘው ፈልጌ ነበር። አልተያዘም።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። ተራ ቴምፖ የሚባለው 120 ነው፤ በሰከንድ ሁለት ምት። ኦክታቭ ማለት እጥፍ ነው። ሁለትን እያጠፍኩ ሄድኩ፦ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256። ሰባት ኦክታቭ ወጣሁ። የፒያኖው መካከለኛ ዶ 261 ከምናምን ነው። ማለትም ያ ተራ «ዱም ዱም ዱም» ሰባት ጊዜ በእጥፍ ቢፈጥን ትንሽ ዝቅ ያለ መካከለኛ ዶ ይሆናል። ሌላም አለ። በአንድ እጅ ሁለት፣ በሌላው እጅ ሦስት እየመታችሁ እኩል ስትገናኙ የሚፈጠረውን ምት ታውቁታላችሁ። እሱን እንዲሁ ብታፈጥኑት ዶ እና ሶል አብረው ሲጮሁ ነው የምትሰሙት። የእጅ መደናቀፍ የሚመስለው ነገር ሲፈጥን ስምም ድምፅ ነው። ይህን ያወቅኩ ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ግድግዳውን በጣቴ ሁለት በሦስት ስመታ አደርኩ።

አሁን ደግሞ ወደ ውርደቴ።

አንድ ቅዳሜ ትንሿን ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘኋት። ሚዲ የሚባለውን ቋንቋ ታውቁት ይሆናል፤ ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። ድምፅ አይልክም። «ይሄ ቁልፍ ተነካ፣ በዚህ ኃይል ተነካ፣ ተለቀቀ» ነው የሚለው፤ ያውም በቁጥር። መካከለኛው ዶ 60 ነው። ለጓደኛዬ አዲሱን ዜማዬን ላሰማው ጓጉቻለሁ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላይኛው ዶ የሚል ቆንጆ አነሳስ አለው። ተጫወትኩት። ከስፒከሩ የወጣው ቦንጎ ነው። ቀጥሎ ኮንጋ። ቀጥሎ ደወል። በመጨረሻም ረጅም ፉጨት፤ የዳኛ ፉጨት።

ጓደኛዬ ወንበር ይዞ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ የፍቅር ዜማ ነው ያልከኝ ወይስ የኳስ ጨዋታ?» አለኝ።

ስህተቱ ቻናሉ ነበር። በተለመደው ስምምነት አሥረኛው ቻናል የከበሮ ነው። እዚያ የገባ ቁጥር ሁሉ ኖታ መሆኑ ይቀርና የመሣሪያ ስም ይሆናል። 36 ኪክ፣ 38 ስኔር፣ 42 ዝግ ሃይሃት። 60 ቦንጎ፣ 64 ኮንጋ፣ 67 አጎጎ የሚሉት ደወል፣ 72 ረጅም ፉጨት። ዜማዬ አልተለወጠም። አንድም ቁጥር አልተነካም። የገባበት በር ነው የተለየው። ጓደኛዬ ግን እስከ ዛሬ «ፉጨቷን አምጣት» ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያቺን ፉጨት ወድጃታለሁ።

ስለ 16ቱ ቁልፎች ገና አልተናገርኩም። እነሱ ስቴፕ ናቸው። አንድ ዙር 16 ቦታ ይከፈላል፤ ኪክ የምትፈልጉበትን ቦታ ትጫናላችሁ፣ መብራቱ ይበራል፣ ዙሩ እዚያ ሲደርስ ይመታል። በ120 ቴምፖ ሙሉው ዙር ሁለት ሰከንድ ነው። መብራቶቹ ሲሮጡ ማየት ሱስ ያስይዛል። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አደረግኩ፤ 1፣ 5፣ 9፣ 13 ላይ ኪክ፣ 5 እና 13 ላይ ስኔር፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ላይ ሃይሃት። ወዲያው ቢት ነው። ወዲያውም ይሰለቻል።

በጣቴ ስመታው ደግሞ ሌላ ችግር። እኔ ዘግይቼ ነው የምመታው። ሁልጊዜ። ዕቃዋ ካልከለከላችኋት ኖታውን ጎትታ ትክክለኛው ቦታ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለብዙ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጎበዝ ያስመስለኛል። ከዚያ አንድ ቀን አጠፋሁትና የራሴን መዘግየት ሰማሁት። መጥፎ አይደለም። ኪኩ በሰዓቱ ይመጣል፣ ስኔሬ ትንሽ ኋላ ይቀራል፤ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ የሚራመድ ሰው ይመስላል። ማሽኖቹም ይህን ያውቃሉ፤ ስዊንግ ይሉታል። ሁለት ተከታታይ ስቴፖችን ወስደው ሁለተኛውን ወደ ኋላ ይገፉታል። 50 በመቶ ሲሆን እኩል ነው፤ በ120 ቴምፖ 125 እና 125 ሚሊሰከንድ። 66 ስታደርጉት 165 እና 85 ይሆናል። በመሃል ያሉትን ቁጥሮች ሞክሯቸው። እኔ 54 ላይ ነው የምኖረው።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ቁልፎቹ ኃይል አይለዩም። ብትዳብሱትም ብትደቁሱትም ድምፁ ያው ነው። ለማድመቅ ሌላ ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ሃይሃት ስትመቱ ሁሉም እኩል ከጮኸ የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። አንዱን ደመቅ፣ ሌላውን ሰለል ማድረግ ነው ነፍስ የሚሰጠው። ሌላው ቅሬታ የራሴ ስንፍና ነው፤ ሳላስቀምጥ ባትሪ ያወጣሁ ቀን 11 ቢት ውሃ በላቸው። ስማቸውን እንኳ አላስታውስም። አንዷን ብቻ ዛሬም በአፌ እላታለሁ።

ባለፈው የእህቴ ልጅ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ኪቦርድ ተጫውታለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያየችው ቁልፎቹ ትንሽ መሆናቸውን ነው።

«አጎቴ፣ የሕፃን ነው?»

«የሕፃን አይደለም። ንኪው።»

ጣቶቿ ልክ ለዚህች ዕቃ የተሠሩ ይመስላሉ፤ አንድም ጎረቤት አልቀሰቀሱም። ኪኩን ሰጠኋት፣ ረጅሙን። ማዞሪያውን አሳየኋት። አልነገርኳትም፤ ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ነው። ወደ ግራ አዞረች፣ መታች። ወደ ቀኝ አዞረች፣ መታች። ወደ መሃል መለሰችና ሦስት ቁልፍ በተርታ ተጫነች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄኛው መዝፈን ጀምሯል» አለች።

«የቱ ጋ ነው የጀመረው?»

ማዞሪያውን ትንሽ መለስ አደረገች። ሞከረች። ትንሽ ጨመረች። ሞከረች። ቅንድቧን ሰበሰበች።

«እዚህ ጋ። አይ፣ ቆይ። እዚህ።»

እኔ እዚያ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት እንደቆየሁ አልነገርኳትም። ተውኳት። ብዙ ቆየች። ስትሰለች ቢት እየሄደ ነበር፤ ሰባተኛው የቢት ማስቀመጫ ላይ ያስቀመጥኳት፣ የምኮራባት ቢት። መብራቶቹ ሲሮጡ አየችና ሳታስፈቅድ 11ኛውን ስቴፕ ተጫነች። ረጅሙ ኪክ እዚያ ላይ ወደቀ። ቦታው አይደለም። ከስኔሩ በፊት፣ ማንም በማይጠብቀው ቦታ፣ «ድዉዉዉም» ብሎ ተጋደመ።

«ይሄ ይሻላል» ብላ ጫማዋን ልታደርግ ሄደች።

ከሄደች በኋላ አጠፋሁት። ሰማሁት። ባዶ ሆነብኝና መለስኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ እንደገና ሰማሁት፤ ስህተት ነው አልኩና አጠፋሁት። ማታ ላይ እንደገና በርቷል።